የአብራሪዎቹ ድንጋይ

እዚህ ዐረብ አገር፣ ጉበይራ ሰፈር ከምኖርበት ክፍል አጠገብ እብነበረድ መቁረጥ ሲጀምሩ፣ ውሃ የነካው የድንጋይ ብናኝ ሽታ በመስኮት ይገባል። ሌላው ያስነጥሳል፤ እኔን ግን ንዴት ያንቀኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዐዚዚያ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ እብነበረድ ቤት ድንጋይ አለሰልስ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ፣ ክፍልም የምንጋራ አንድ የወሎ ሰው ነበር፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ዐረብኛው ግን ከ"ያላ" እና ከ"ኸላስ" አያልፍም። እሱን ወክዬ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሁለታችንም አልነበረንም። ታናሽ ወንድሙ አገር ቤት የጦር ሄሊኮፕተር ቴክኒሻን ነበር፤ ሄሊኮፕተሩ ተራራ ላይ ወድቆ ነደደና አስከሬን ሳይገኝ ቀረ። "የምዘይረው መቃብር እንኳ የለው" ይለኝ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ልጃቸው የጦር አውሮፕላን ሲያበር ከነባልደረቦቹ ሞቶባቸው፣ የሁሉንም ስም የያዘ ጥቁር ድንጋይ በግቢያቸው ሊያቆሙ አዘዙን። ጓደኛዬ ያን ድንጋይ ለማንም አላስነካም። ምሳ እየተወ ያለሰልሰው ነበር። አለቃችን ሙዲሩ ደግሞ "አንተ አህያ፣ ፍጠን!" ይለዋል። ያንን ሰው ዛሬም እጠላዋለሁ፤ ቢሞት ቀብሩ ላይ አልቆምም።

የምረቃው ቀን፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ እንግዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እኛ ሁለታችን የድንጋዩን ጨርቅ ገለጥን። ሽማግሌው ስሞቹን ማንበብ ጀመሩ። ይኼኔ ጓደኛዬ አልቻለም። በአገሩ የወሊይ መቃብር ሊዘይር የሄደ ሰው እንደሚያደርገው፣ ድንጋዩን በመዳፉ ዳበሰና ፊቱን አበሰ።

"ሺርክ!" ብሎ አንዱ እንግዳ ብድግ አለ። ድንጋይ ማምለክ ነው ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተነሡ። ሙዲሩ ጓደኛዬን በኮሌታው ይዞ ወደ በሩ ሲጎትተው፣ እሱ ወደ እኔ እየዞረ፣

"ወንድሜ፣ ስለ ታናሼ ንገራቸው! በአላህ ንገራቸው!" እያለ ወጣ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። ሽማግሌው ዓይን ዓይኔን እያዩ "ምንድን ነው ያለው?" አሉኝ። ያ የጮኸው እንግዳ ግን ስልኩን አውጥቶ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ "ይሄስ ኢቃማ አለው?" አለ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። "ምን እንዳለ አልገባኝም" አልኩ። ሙዲሩ ተመልሶ ፎጣ ወረወረልኝ፤ የጓደኛዬን የመዳፍ ወዝ ከድንጋዩ ላይ ጠረግሁት። እስኪያበራ ድረስ ጠረግሁት። ምነው ያኔ አፈር በበላሁ!

የዚያኑ ቀን መንገድ ላይ ፖሊስ ያዘው። ከሳምንት በኋላ ከተርሂል፣ ወደ አገር ከሚመልሱበት እስር ቤት፣ በሰው ስልክ ደወለልኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ነገርካቸው አይደል? ሽማግሌው ምን አሉ?" አለኝ።

"አለቀሱ" አልኩት። "የወንድምህን ስም ጠየቁኝ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ድምፁ ቀለል አለው። "ዱዓ አደረጉለት?"

"አዎ" አልኩት፣ "እጃቸውን ዘርግተው።"