የተጨመደደው ቀሚስ

የባለቤቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ ልጄ አንድ አሮጌ ፎቶ ከሣጥኔ አስወጣኝ። እኔና አባቱ አብረን የተነሣነው ነው። አስጠርጎና አሳድጎ ሳሎን ሊሰቅለው ፈለገ። አልተቃወምኩም። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እሱ ቤት ነው የምኖረው። በሰው ቤት የሚኖር፣ የልጁም ቤት ቢሆን፣ እሺ ማለት ይቀለዋል።

ፎቶው በከተማችን ሐይቅ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር የተነሣ ነው። ባለቤቴ ኮት ለብሷል፣ እኔ ነጭ ቀሚስ። በግራ በኩል የዋርካው ጥላ አርፎበት ጥቁር ነው። ያንን ጥቁር ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። እኔ ግን ውስጡ ማን እንዳለች አውቃለሁ። ሰው በሌለበት ወደ መስኮት ሳስጠጋው ካልሲዋ በመጠኑ ይታየኝ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄ ናት። ሦስት ዓመቷ ነበር። ፎቶውን በተነሣን በጥቂት ሳምንት ኩፍኝ ወሰዳት። የአሁኑን ልጄን አርግዤ ስለነበር ለቅሶ የመጡት ሴቶች ለሆድሽ እዘኚለት፣ በሕፃን ብዙ አይለቀስም አሉኝ። ልብሷን ቡሹሎ መንደር ላሉ ዘመዶች ሰጡት። ባለቤቴ ስሟ ቤት ውስጥ እንዳይነሣ አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስሟን ሲሰማ ማዕድ ትቶ ይነሣ ነበር። ልጄ ተወለደ፣ አደገ። የምነግርበት ቀን ሳላገኝ እሱም የልጆች አባት ሆነ።

ፎቶ ቤቱ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ፎቅ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በባጃጅ ወሰደኝ። በግድግዳውና በማተሚያው ማሽን መሐል ባለች ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ልጄ ከፊቴ ቆሞ በሩን ሸፈነው። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠችው ጎልማሳ ሴት መጀመሪያ ጭረቱን ጠረገች። ቀጥላ ከኋላችን ቆሞ የቀረ የማን እንደሆነ የማላውቀው ብስክሌት አጠፋች። ሚዜ መስሎ ነው የቆመው አለች፤ ልጄ ሳቀ።

ከዚያ ግራው ጨልሟል ብላ ብርሃኑን ከፍ ታደርግ ጀመር። ጥቁሩ ቡናማ ሆነ፣ ቡናማው ግራጫ። መጀመሪያ ነጭ ካልሲ ወጣ። ቀጥሎ የቀሚሴን ጎን ጨምድዶ የያዘ ትንሽ እጅ። ከዚያ ፊቷ። ካሜራውን አታይም፤ ቀና ብላ እኔን ታያለች። ከሞተች ወዲህ ፊቷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እማዬ፣ ይቺ ማናት?» አለ ልጄ።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አልኩት።

ምናልባት አንድ ቀን ብጠየቅ ብዬ በወጣትነቴ ያዘጋጀሁት መልስ ነበር። ጠያቂ ሳይመጣ እኔ አረጀሁ፤ መልሱ ግን አፌ ላይ ቆይቶ ጠበቀኝ።

እንግዲያውስ ትውጣ፣ ዓይን ትስባለች አላት ልጄ ሴትዮዋን። ጥፋት የለበትም። የአባቱ ፎቶ ንጹሕ እንዲሆን ነው የፈለገው።

እህትህ ናት ማለት ነበረብኝ። ግን እሱን ካልኩ አሁን ለምን እንደዋሸሁ፣ አባቱ ለምን እንደደበቀ፣ እሱ ራሱ ይህን ያህል ዕድሜ ለምን እንዳልተነገረው፣ እዚያው በማላውቃት ሴት ፊት ላስረዳ ነው። ልነሣ ብል ማሽኑ ጉልበቴን ይዞኛል። ሴትዮዋ ከጎን ካለው ቅጠል እየቀዳች ትደርብባት ጀመር። ፊቷ ቅጠል ሆነ፣ ካልሲዋ ሣር። እጇ መጨረሻ ላይ ሄደ። ቀሚሴ ብቻ ማንም ሳይዘው ወደ ጎን ተጎትቶ ቀረ።

«እማማ፣ ቀሚስዎ እዚህ ጋ ተጨምድዷል፤ ላቃናልዎ?»

«ተዪው» አልኳት።

ልጄ እንዲህ ከሆነማ ያስቃል አለ።

«ተወው አልኩህ። ቀሚሱ የኔ ነው።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ተያዩ፤ ሴትዮዋ ቀሚሱን ሳታቃና አተመችው።

አሁን ፎቶው ሳሎን ከምቀመጥበት ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ለሙት ዓመቱ የመጡት ሁሉ አመስግነውታል። ልጄን አሮጌውን መልስልኝ ስለው፣ እንዳይጠፋ ብዬ ከአዲሱ ኋላ ከትቼዋለሁ አለኝ። የፍሬሙ ጀርባ በምስማር ተመትቷል። ጉልበቴ ከቤት ስለማያስወጣኝ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ እውላለሁ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ሻይ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና ቀና ብሎ ቀሚሱን አየ።

«እማዬ፣ ያን ቀን ንፋስ ነበር እንዴ?»

«አልነበረም» አልኩት።

ሌላ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። ሻዩን ጨርሶ ወጣ።