ገራባ ላይ የረገጥኩት ፍሬን

ዛሬ ጠዋት ካፊያው ሲያባራ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭሮ ከተማ ጫት ተራ ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘና ሙልጭ ብሎ ሄደ። መንገዱን ገራባ ሸፍኖታል፤ ከጫት ተራግፎ የሚጣለው ቅጠልና እንጨት። "እግርህን ከፍሬኑ አንሳ!" ብዬ ጮኽኩ። ደግነቱ ቆመ። "አባባ፣ ፍሬኑ እኮ አዲስ ነው" አለኝ ሹፌሩ ልጅ። የኔ ልብ ግን ሌላ ቦታ ሄዷል።

ያኔ ከተማዋን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ጢሜን መላጨት የጀመርኩ ሰሞን ነው። ከበደሳ ከተማ ጫት ጭኜ በፒካፕ እበራለሁ፤ ከጎኔ የጫቱ ባለቤት አደ ዘይነባ አሉ። "ደፊ፣ ደፊ" ይሉኛል፤ ፍጠን ማለታቸው ነው። የጠወለገ ጫት ማን ይገዛል። ክረምት ነው፤ በመስኮቱ የበቆሎ ጥብስ ሽታ ይገባል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ነድቼ አላውቅም።

ገበያው መግቢያ ቁልቁለቱ ላይ ጫት ሻጭ ሴቶች ጭቃው እንዳያስቸግራቸው ገራባ ጎዝጉዘውበታል። ለእግር ጥሩ ነው፤ ጎማን ማን አሰበው። መሃል መንገድ ላይ ኦቦ ሙሜ የሚባሉ ሽማግሌ የማሽላ አገዳ የጫነች አህያቸውን ይጎትታሉ። አህያዋ እምቢ ብላ ቆማለች። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። ጎማው ቆመ፤ መኪናው አልቆመም። መሪውን ባዞረው ባዞረው ቀጥ ብሎ ወደ ሽማግሌው ይንሸራተታል።

"ያ አላህ፣ ርገጠው" አሉ አደ ዘይነባ።

"ረግጬዋለሁ!"

እኔ ደግሞ ሰው ያለኝን የማደርግ ሰው አይደለሁም። እግሬን አነሳሁ። ጎማው መሽከርከር ሲጀምር መሪው ታዘዘኝ፤ ለመንገድ ሥራ ወደተከመረው ጠጠር ሰደድኩት። ጠጠሩ ጎማውን ግጥም አድርጎ ያዘው። ቆምን፤ የአህያዋ ጆሮ መስኮቴ ላይ ነው። ሳቄ ይመጣል።

ኦቦ ሙሜ ገመዱን እንደያዙ አጎንብሰው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ የኔዋ ቁሚ ሳልላት ትቆማለች። ያንተዋ ምን ሆና ነው?"

አደ ዘይነባ ወርደው ሴቶቹን "ይሄን ገራባ አንሱ" ቢሏቸው፣ አንዷ "እና ጭቃው ላይ እርስዎ ይቀመጡልን?" አለቻቸው። ገራባው እዚያው ቀረ።

ይህንኑ ለባጃጁ ልጅ አወራሁለት። "ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ነው፤ አንተን የሚያቆምህ መሬቱ ነው። መሬቱ ካልያዘህ አዲስ ፍሬን ምን ያደርግልሃል? ቀድመህ አቀዝቅዝ።"

"እሺ አባባ" አለኝ፤ ሽማግሌን ለመገላገል የሚባለውን እሺ።

ወርጄ ቆሜ አየሁት። ቀጣዩ ገራባ ጋ ሳይደርስ፣ ገና ንጹሁ አስፋልት ላይ እያለ፣ የኋላ የፍሬን መብራቱ ቀላ።