በፈቃዴ የሚል ፊርማ

ሊያስረኝ የመጣው፣ የቀበሌያችንን ሕዝብ በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ያወያየው ካድሬ ራሱ ነበር። የዜጋ ቤት ያለ ሕግ ፈቃድ አይፈተሽም ብሎ አስጨብጭቦናል። ብዙም ሳይቆይ፣ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ያለውን የቤቴን በር በእርግጫ ገነጠለው። በመንግሥት የተዘጋ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበርኩ፤ ቤትህ ውስጥ ሰው ሰብስበህ ታስጸልያለህ ተባልኩ። የመፈተሻ ፈቃድ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ደረቱን መታ አደረገና «ፈቃዱ እኔ ነኝ» አለ።

ፍራሹን ቀደዱ፤ ዱቄቱን ወለሉ ላይ ዘረገፉ። መጽሐፍ ቅዱስና ሬዲዮ አገኙ። ሁለቱም ለምርመራ ተወሰዱ። ባለቤቴ ከላንቴ መንደር ያስመጣችው ሙዝም አብሮ ሄደ፤ በምን እንደተጠረጠረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያጎሩን የጥጥ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ቀን ቀን ሙቀቱ ያፍናል፤ ሽንት ሽንት ይሸታል። አጠገቤ የሚተኛው ገረሴ ከሚባል አገር የመጣ ገበሬ ነበር። መሣሪያ ደብቀሃል ተብሎ ቤቱ ሲበረበር የተገኘው ያባቱ ጦር ነው።

ከቀናት በኋላ ካድሬው አስጠራኝ። ሬዲዮዬ ጠረጴዛው ላይ ዜና ያሰማል። ቤቴን በፈቃዴ ከፍቼ እንዳስፈተሽኩ የሚገልጽ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ስለሚመጣ ሁሉም ነገር ሕጉን የተከተለ መሆን አለበት አለኝ። ከፈረምኩ ዕለቱን እወጣለሁ። ባለቤቴ የመውለጃ ወሯ መግባቱንም እሱው አስታወሰኝ።

እስከ ነገ ላስብበት ብዬ ተመለስኩ። ገበሬው ስነግረው ሚስትህ ትበልጣለች፣ ፈርም አለኝ።

በማግስቱ ካድሬው እስክሪብቶውን አቀበለኝ።

«በሩን የሰበርከው አንተ ነህ» አልኩት። «ሌባ እንኳ የዘረፈውን ሰው ‹በፈቃዴ ነው› ብለህ ፈርምልኝ አይልም።»

በጥፊ መታኝ። እስክሪብቶው ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁና ያልተፈረመው ወረቀት ላይ አስቀመጥኩለት።

ስፈታ ልጄ ድክ ድክ ትል ነበር። ባለቤቴ ለምን አልፈረምክም ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ካድሬው በሩን የገነጠለ ዕለት ከውስጥ ተደግፋ የያዘችው እሷ ነበረች።

ካድሬው ዛሬ ጡረተኛ ነው። በደጄ ሲያልፍ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለኛል፤ ዘመኑ ነው ያሳሳተን ይላል። ሰላምታውን እመልስለታለሁ። ግባ ብዬው ግን አላውቅም።