የቦኖው ሰልፍ በሆቴሉ ወለል ላይ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ እግሬ ነጭ ጭቃ ውስጥ ገባ። በጥር ወር፣ ዝናብ የሚባል ነገር በሌለበት! እኛ ሰፈር ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ጀሪካን ተሸክሜ ወገቤ ሊቀነጠስ ነው፤ ቦዩ ግን ሞልቶ ይፈሳል። ከየት እንደሚመጣ ሳላይ ቤቴ አልገባም ብዬ ቦዩን ይዤ ሽቅብ ወጣሁ። የሚወርደው ከአንድ አዲስ ሕንፃ በር ነበር። ውስጥ ወለል የሚሞርድ ማሽን ያጓራል፤ አንድ ሠራተኛ ወተት የመሰለውን የሲሚንቶ እጣቢ በመጥረጊያ እየገፋ ወደ ቦዩ ይሰደዋል። ደሜ ፈላ። ሕንፃውን ማን እንደሚያሠራው ስለማውቅ ደግሞ የባሰ ፈላ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ እዚሁ አሰላ፣ እኛ ሰፈር አንድ ነጋዴ ሆቴል ያሠራ ነበር። ወለሉ ቴራዞ ነው፤ የእብነ በረድ ስባሪ ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ ይፈስና ሲደርቅ እስኪያብለጨልጭ ይሞረዳል። እንዲህ ያለ ወለል ያኔ ብርቅ ስለነበር ማሽኑ በመኪና ሲመጣ ሰፈሩ ወጥቶ አየው። እኔም አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴ! ያ ማሽን ውሃ ካልጠጣ አይሠራም። ከሥሩ የሚሽከረከሩት ድንጋዮች እንዳይግሉ፣ አቧራውም እንዳይነሳ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይፈስለታል።

በጋ አሰላን ታውቋት እንደሆነ፣ ከጭላሎ በኩል የሚመጣው ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ የገብሱ ማሳ ታጭዶ ገለባ ብቻ ይቀራል፤ መንገዱ የጋሪ አቧራ ነው። የሰፈራችን ቦኖም ያኔ ጠዋት ትንሽ ፈስሶ ይዘጋ ስለነበር ጀሪካኖቻችንን ከዋዜማው እናሰልፋለን። የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ፣ ሌላው እጀታው በሽቦ የተጠገነ፣ ሁሉም የማን እንደሆነ ይታወቃል። የሰውን ጀሪካን ከተራው ማንሳት ትልቅ ነውር ነው። የተኳረፉ ጎረቤታሞች እንኳን ባለቤቷ ከዘገየች ጀሪካኗን ወደፊት እየገፉ ተራዋን ይጠብቁላት ነበር።

ያን ሰሞን እህቴ ፀሐይ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ነበረች። ወንድ ልጅ። የአራስ ቤት ውሃ እንዴት እንደሚፈጅ የወለደች ታውቃለች። መቅዳቱ የኔ ሥራ ነበር። አንድ ጠዋት ቦኖው ጋ ስደርስ ቧንቧው ፉጨት ብቻ ይተፋል። ጀሪካኖቹ ባዷቸውን ተሰልፈዋል። በማግስቱም እንደዚያው፣ ከዚያ በኋላም እንደዚያው። እህቴ የሕፃኑን ጨርቅ ሳታጥብ ደጅ እያሰጣች መልሳ ታደርግለት ጀመር። ጭኑ ተላጠ። ሲያለቅስ እሷም አብራ ታለቅሳለች።

ጉዳዩን የደረሱበት ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ናቸው። ለአራሷ በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ ይዘው ሲመጡ በሆቴሉ በር አልፈው ነበርና፣ ከቦኖው በላይ ካለው ቧንቧ የውሃ ጎማ ተቀጥሎ ወደ ግቢው ሲገባ አዩ። የጩኮውን ሳህን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ «ቢሻን ኬኛ! ውሃችንን ለወለል እያጠጡት ነው!» አሉ።

ሴቶቹ ተሰብስበን ሄድን። ፎርማኑ ግርማ ይባል ነበር። በትሕትና ነው የተቀበለን፤ እስከ ዛሬ የሚያበግነኝም ያ ትሕትናው ነው።

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሡን። ወለሉ ሊያልቅ ነው» አላቸው አዴ ሞሚናን።

«ይሄ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አዴ ሞሚና ወደ ቦዩ ጠቆሙት። ነጩ ጭቃ እየደረቀ ቦዩን ሊደፍነው ደርሷል።

«እሱማ በበርሜል ብናጠራቅመው ጭቃው ይዘቅጥና ከላይ የጠለለውን መልሰን ማሽኑን እናጠጣው ነበር። አሠራሩ እንደዚያ ነው። በርሜሎቹም አሉ። ግን ማን ጊዜ አለው?»

በርሜሎቹ እውነትም ነበሩ! ግቢው ጥግ ተደርድረው፣ ጣውላ ተጋድሞባቸው፣ ምሳ መብያ ሆነዋል። ሰውየው ባያውቅ ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ያውቃል እኮ! የአንድ ጨቅላ ጭን እየተላጠ እሱ መፍትሔው ላይ እንጀራውን ዘርግቶ ይበላል።

አዴ ሞሚና አልጮኹም። ወደ ቦኖው ሄደው ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱና ከማሽኑ ፊት፣ ወለሉ መሃል አስቀመጡት።

«ውሃው እዚህ ከሆነ ሰልፉም እዚህ ነው» አሉ።

ሐሳባቸው ወዲያው ገባን። እየሮጥን ሄደን፣ ማንም ማንንም ሳይቀድም፣ የቦኖውን ሰልፍ እንዳለ የሆቴሉ ወለል ላይ ዘረጋነው። የኔ ክዳኑ የጠፋው ነበር።

«አንሱልኝ ይሄን!» አለ ግርማ የቀን ሠራተኞቹን። አልተነቃነቁም። የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ከጀሪካኖቹ መሃል የእናቶቻቸውና የሚስቶቻቸው አለበት።

«ጋሼ፣ የሰው ተራ ነው እኮ» አለው አንደኛው።

ግርማ ራሱ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ሁላችንም ስናየው እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ማሽኑ ጠፋ፤ ጎማው ተነቀለ፤ ጣውላው ከበርሜሎቹ ላይ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት የቦኖው ውሃ መጣ። እህቴ ልጇን በሞቀ ውሃ አጥባ ቅባት ቀባችው፤ እሱም እንቅልፉን ለጠጠ። ወለሉም በጠለለው ውሃ ተሞርዶ አለቀ፤ ምንም አልጎደለበትም።

እንግዲህ ያ ሕፃን ዛሬ ተቋራጭ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት የገባሁበት ጭቃም የእሱ ነው።

«አክስቴ! ምን እግር ጣለሽ?» ብሎ ሳመኝ። ቦዩን አሳየሁት። ሳቀ። «ማጠራቀሚያ እኮ አለን። ማሽኑም እጣቢውን የሚመጥ ዕቃ አለው። ግን ማን ጊዜ አለው?»

ቃል በቃል! ይህን ታሪክ በየበዓሉ እየሰማ፣ እየሳቀ ያደገ ልጅ ነው። ለካ እኛ ስንተርክ እሱ የሰማው የሴቶችን ወግ ነው፤ የተላጠው የራሱ ጭን መሆኑን አልሰማም። ማወቅ ሰውን ያስተካክላል ሲባል እሰማለሁ። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት አውቆ የሚያጠፋ ነው፤ ጊዜ የለኝም የሚል ሰውም ጊዜውን የሚያገኘው ከሌላ ሰው ጀሪካን ቀንሶ ነው። አዴ ሞሚና ካረፉ ቆይተዋል፤ እህቴም እግሯ አያራምዳትም።

ቤቴ ሄጄ ጀሪካኔን አመጣሁና ማሽኑ ፊት አስቀመጥኩት። የቀን ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው አዩን። እሱ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

«አክስቴ፣ አንድ ጀሪካን እኮ ነው» አለኝ።

«የመጀመሪያው ነው» አልኩት።