የግመል ወተትና ሦስት ደቂቃ

ሰው ሃምሳ ሲጠጋ ሪህ ይይዘዋል፤ ወይ ሐጅ ያምረዋል። እኔን ስታርታፕ ያዘኝ። ወገቤ ላይ ያለው ሕመም ከእሱ የመጣ ነው ብዬ ለሐኪም ብነግረው ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

አባቴ ከወሎ ወርዶ አዋሽ ላይ ሱቅ ከፈተ። እኔ ሱቁን ትቼ ሱቁ ውስጥ የነበረውን ፍሪጅ ወደድኩ፤ በዚያው ፍሪጅ ጠጋኝ ሆኜ ቀረሁ። አዋሽ ላይ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው እንደ ሽማግሌ ይከበራል። በበጋ ቀትር የምሄድበት መንገድ ላይ ሰዎች ከወንበራቸው ይነሱልኛል ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አጋንናለሁ። ግን ሳጋንን ወላሂ አልልም። ወላሂን ለእውነት ነው ያስቀመጥኳት፤ ስለዚህ ብዙ አላነሳትም።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው ባልደረባዬን ያገኘኋት። አፋር ናት፤ በአዋሽ አስፋልት ዳር የግመል ወተት ለሾፌሮች ስትሸጥ የኖረች፣ የሌሎቹ ወተት ሻጭ ሴቶች ሁሉ አፍ። ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። እኔ «እታለም» እላታለሁ፣ እሷ «ወሎዬው» ትለኛለች። ስትቆጣ ግን ምንም አትለኝም፤ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። ሴቶቹ ማለዳ ያመጡት ወተት ከፊሉ ይሸጣል፣ የቀረው ፀሐይ ስትጠነክር ይኮመጥጣል። ሰመራ ደግሞ ትኩስ የግመል ወተት የሚፈልግ ሆቴልና የቢሮ ሠራተኛ ሞልቷል። መሀል ላይ ያለው መንገድ ብቻ ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው፣ በዚያ ላይ ከታች እንደ ምድጃ የሚነድ። እኔ ከሞቱ ፍሪጆች ነፍስ ለቃቅሜ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ጀርባ ላይ ማቀዝቀዣ ሠራሁ። ሰው ሁሉ መጥቶ አየው። አንድ ጎረቤቴ እጁን አስገብቶ ሲያወጣ «አስመራ የገባሁ መሰለኝ» አለ።

ማቀዝቀዣው ግን እንደኔ ነው፤ ከሥራው ይልቅ ማቃሰቱ ይበዛል። እውነተኛ የማቀዝቀዣ መኪና ያስፈልገን ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ኢንቨስተር። እንዲህ ተብሎ ነው ከአዳራሽ አዳራሽ መዞር የተጀመረው። አዲስ አበባ ቀረብን፣ አዳማ ቀረብን፣ ድሬዳዋ ቀረብን። በየቦታው ባጅ አንገታችን ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ብስኩት ይሰጡናል፣ መጨረሻ ላይ «እናሳውቃችኋለን» ይሉናል። እስከ ዛሬ ያንን ቃል ስሰማ እንቅልፌ ይመጣል።

እኔ እንኳ ብስኩቱን በልቼ እመለስ ነበር። ሴቶቹ ናቸው የተጎዱት። ወተታቸውን ለእኛ ሲሰጡ አስፋልቱ ዳር የነበራቸውን ቦታ ሌሎች ያዙት፤ የለመዷቸው ሾፌሮች ከሌላ መግዛት ጀመሩ። እኛ ደግሞ ማቀዝቀዣው በታመመ ቁጥር «ትንሽ ታገሱ፣ ኢንቨስተር ሊመጣ ነው» እንላለን። ኢንቨስተርን እንደ ዝናብ ስንጠብቅ ሳር ደረቀ። በመጨረሻ ባልደረባዬ ሰበሰበቻቸውና ቃል ሰጠች፤ ሰመራ ላይ በሚደረገው የስታርታፕ ውድድር ወይ አዎ ወይ አይሆንም ይዤላችሁ እመለሳለሁ፣ አይሆንም ካሉ ወደ አስፋልቱ እንመለሳለን፣ እኔም አብሬያችሁ። ይህን ስትል እኔን አላየችኝም።

ወደ ሰመራ ስንሄድ ገዋኔን እንዳለፍን ማቀዝቀዣው አንድ ጊዜ ሳል አለና ጸጥ። ፒካፗ ትሄዳለች፤ የሞተው ማቀዝቀዣው ነው። ወርጄ ብነካካው፣ ብለማመጠው፣ ብሰድበው አልሰማ አለ። ወተቱ ሎግያ ሳንደርስ ተበላሸ፤ መንገድ ዳር አፈሰስነው። ባልደረባዬ ጀሪካኖቹን ደፍታ ስትጨርስ ክዳናቸውን አንድ በአንድ ገጠመች።

ሰመራ በቀትር ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ጥላው ራሱ ጥላ ይፈልጋል። ከመቅረባችን በፊት ባለው ቀን አንድ ሆቴል ውስጥ ልምምድ አደረግን። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣች ቀልጣፋ ልጅ ናት፤ ስልኳ ላይ የተፈቀደልንን ሦስት ደቂቃ ሞልታ ፊት ለፊታችን ቆመች።

«ጋሼ፣ ‹ወተት እናቀዘቅዛለን› አይባልም። ‹የአፋርን የወተት ገበያ እንለውጣለን› ይበሉ።»

«የአፋርን ብቻ? ጅቡቲን ለማን ትቼ? ቀይ ባሕር ላይ ያለ መርከበኛ ሁሉ ቁርሱን የእኛን ወተት ነው የሚጠጣው።»

«እሱ ነው! ቪዥን ማለት እሱ ነው!»

ዕድሜ ልኬን ውሸት ሲባል የኖረው ነገር አዲስ ስም አገኘ። ባልደረባዬ ነጠላ ጫማዋን እያየች «ይሄ ቪዥን ከሆነ እኔ ስንት ዓመት ከቪዥን ጋር ነው የኖርኩት» አለች።

«እናት፣ እርስዎ ደግሞ የሴቶቹን ታሪክ ቶሎ ቶሎ አድርገው...»

«እኔ አልወለድኳትም» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። ከዚያ ለአሠልጣኟ «ሰዎቹ ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከአዲስ አበባ።»

«በመኪና?»

«በመኪና።»

«እንግዲያው መንገድ አይተዋል። ዳጉ ሳንጠይቃቸው እንዴት ስለራሳችን እናወራለን? ነውር ነው።»

ዳጉ የአፋር ወሬ ነው፤ ግን ወሬ ብዬ ሳቀልለው ይከብደኛል። ሁለት አፋር መንገድ ላይ ሲገናኙ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ይቆማሉ፤ ይቀመጣሉም። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያየውን የሰማውን ይናገራል። ዝናቡ የት ጣለ፣ ሳሩ የት ነው፣ ማን ታመመ፣ የቱ መንገድ ሰላም ነው። ከዚያ ተራው የሌላው ይሆናል። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም፣ መደበቅማ ጭራሽ። ሰውና ከብት የሚድነው በዚያ ወሬ ነው። በዚህ ሕግ እኔ ለሕዝብ አደገኛ ሰው ነኝ።

አሠልጣኟ በትሕትና ሰማችና «በጣም ደስ ይላል፣ ግን ጊዜ የለንም። መድረክ ላይ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው» አለች። ባልደረባዬ ዝም አለች። አሠልጣኟ ዝምታውን እሺ ብላ ተረጎመችው። እኔ ዝምታውን አውቀዋለሁ፤ ግን ደክሞኝ ነበርና አልተነፈስኩም።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ከእኛ በፊት የወጡት ወጣቶች ጅቡቲ ድንበር፣ ገላፊ ላይ ለሚቆሙ ሾፌሮች በስልክ ወረፋ ስለማስያዝ ያለ ምንም መደናቀፍ አቀረቡ፤ ተጨበጨበላቸው። ከፊት ጠረጴዛ የተቀመጡት ኢንቨስተሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ሰፊ ሰውዬ፣ በዚያ ሙቀት ኮት የለበሰ። አንዷ መነፅር ያደረገች፣ ብዙ የማትስቅ ሴት። ግድግዳው ላይ ደቂቃ የሚቆጥር ሰሌዳ አለ። ተጠራን። ሰሌዳው መቁጠር ጀመረ።

ባልደረባዬ ማይኩን ያዘች። «እንደምን ዋላችሁ። በሰላም ገባችሁ? መንገዱ እንዴት ነው?»

ሰውዬው ፈገግ ብሎ «ደህና ነው፣ እናመሰግናለን» አለ።

በዳጉ «ደህና ነው» መልስ አይደለም፤ በር ማንኳኳት ነው። እሷም ጠበቀችው። ዓይኑን እያየች፣ ልክ የሚናገረው ነገር ውሃ የሚያስገኝ ይመስል ጠበቀችው። ሰውዬው ግራ ቀኝ አየ።

«ማለቴ... አዳይቱ ጋ ጎማ ፈነዳብን።»

«እህ።»

«መለዋወጫውም የተነፈሰ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ውሃ ሰጠን፤ ልጁን ልኮ የሰው ጎማ አስመጣልን። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።»

«ፍየሎቹስ? መንገድ ዳር አየህ?»

«አየሁ። ከስተዋል።»

«ገዋኔ ጋ ግን ደመና ነበር» አለች መነፅር ያደረገችው ሴት፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ከዚያ በኋላ ሰውዬውን የሚያቆመው አልተገኘም። ተነሣ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ጎማው እንዴት እንደጮኸ በአፉ አሳየ። ለዓመታት ከገንዘብ በቀር ማንም ምንም ጠይቆት የማያውቅ ሰው ይመስል ነበር። ስለ ሽማግሌው ሲያወራ ድምፁ ራሱ ተለወጠ። ሰሌዳው ቀላ። ደወሉ ጮኸ። ሦስት ደቂቃችን አለቀ፤ ንግግር ያደረገው ግን ኢንቨስተሩ ነው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኟ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መነፅር ያደረገችው ሴት አዝና «አንድ ደቂቃ ይጨመርላቸው» አለች። ማይኩን ነጥቄ ገበያውን ለወጥኩ፣ ጅቡቲን ያዝኩ፣ መርከበኞቹን ቁርስ አበላሁ። ስጨርስ ሴትየዋ ጠየቀችኝ።

«ማቀዝቀዣው አሁን እየሠራ ነው?»

«እንዴታ! ወተቱ ሰመራ ሲገባ ጋቢ ነው የሚጠይቀው።»

«አይሠራም» አለች ባልደረባዬ ከጎኔ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ስንመጣ ገዋኔን አልፈን ሞተ። ወተቱን ደፋነው። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ሞቷል፣ እሱ እየቀሰቀሰው ነው። ሴቶቹ ቦታቸውን አጥተዋል፣ ደክሟቸዋል። እሱም ደክሞታል። ይቀልዳል እንጂ ከመኪና ሲወርድ ወገቡን ይዞ ነው፣ እኔ አያለሁ። እኔም ደክሞኛል። ዳጉው ይሄ ነው።»

ስለ ማቀዝቀዣው መናገሯ አላስደነገጠኝም። «እሱም ደክሞታል» ያለችው ነው ያስደነገጠኝ። ያንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በቀልድ ሸፍኜ፣ አጥብቄ አስሬ፣ ማንም አያየውም ብዬ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ፊት ተፈታ። ሁለት መቶ እንኳ አይሆኑም፤ ግን ያኔ እኔ አሥር ሺህ ነው የቆጠርኩት።

ሴትየዋ ወረቀቷን ሰበሰበች። «እናመሰግናለን። እናሳውቃችኋለን።»

እኔ በልማዴ ወደ ደረጃው ዞርኩ። ባልደረባዬ ግን አልወረደችም።

«መቼ?»

«በቅርቡ።»

«ሴቶቹ እየጠበቁኝ ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው? የእናንተን ሰማሁ፣ የኔን ሰጠሁ። ይሄ ቃል ግን ጫፍ የለውም።»

ሰውዬው ሴትየዋን አየ። ከዚያ ላቡን ጠረገና «እውነቱን ልንገርሽ እህቴ?» አለ። «አይሆንም። ወተቱ ጥሩ ነው። ግን በዚህ መንገድ ርዝመት የማቀዝቀዣ መኪና ወጪን ወተት አይሸፍነውም። እኛ ብንገባም ትቆማላችሁ፣ ያኔ ዕዳም ይኖርባችኋል።»

«እሺ» አለች። «አላህ ይስጥልኝ።» ወረደች።

አሮጌ ፍሪጅ ሌት ተቀን ሲያጓራ ከርሞ ድንገት ሲጠፋ ቤቱ ላይ የሚወርድ ጸጥታ አለ። ጩኸት እንደነበር እንኳ የምታውቀው ያኔ ነው። ከዚያ አዳራሽ ስወጣ እንደዚያ ነበርኩ። አሠልጣኟ በር ላይ አግኝታን ልታጽናናን ስትሞክር ባልደረባዬ ጉንጯን ሳመቻትና «አይዞሽ ልጄ» አለቻት።

መንገድ ላይ እስከ አዳይቱ ድረስ አኮረፍኩ። ኩርፊያ ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው፤ ምላሴ ይደክማል።

«ቢያንስ የማቀዝቀዣውን ነገር ባታነሺው ምን ነበረበት?»

«ጠየቀች።»

«እኔን ነው የጠየቀችው!»

«አንተማ አልመለስክም።»

«የወገቤንስ ማን ጠየቀሽ?»

መስኮቱን ከፈተች። «ቢጠይቁህ አትናገርም» አለች። «መድከሙን ያላወቁለትን ሰው ማን ያሳርፈዋል?»

አዋሽ የደረስነው ሲነጋጋ ነው። ሴቶቹ ወተቱን በምንሰበስብበት የግራር ጥላ ሥር ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው ነበር። ባልደረባዬ ወረደች፤ ሰላምታው፣ ጥያቄው፣ መልሱ በአፋርኛ ረዘመ። የምሰማው ጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ «ገዋኔ»ን ሰማሁ፣ የጎማውን ድምፅ ሰማሁ፣ ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ ሳቁም ቆመ። ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አልተቆጣኝም። አንድ በአንድ ባዶ ዕቃቸውን ከፒካፗ ላይ አወረዱ።

ከሴቶቹ ትልቋ ፊቴን አጥንታ የሆነ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ጭነት የተራገፈለት ግመል ትመስላለህ አለች።»

«ስድብ ነው?»

«ግመል ስድብ ነው እንዴ?» አለች ባልደረባዬ፣ ከልቧ ተገርማ።

«ጭነት ሲራገፍለት ግመሉ ምን ያደርጋል በያት እስቲ።»

ልትተረጉምልኝ ዞር ስትል አንድ ተሳቢ ከወደ መተሃራ መጣና ፍጥነቱን ቀነሰ። ትልቋ ሴት አልጠበቀችንም። ጀሪካኗን አንሥታ ወደ አስፋልቱ ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ባልደረባዬ ሻርፗን አጥብቃ አሰረችና የራሷን አነሣች።

«ሂድ ተኛ፣ ወሎዬው» አለችኝ፣ እየሄደች።

ሄጄ ተኛሁ። ወላሂ፣ እስከ ማግስቱ።