ስለ እግሬ ክስና ስለበላሁት ሙክት

እኔ ወልደሥላሴ ጣሰው እንግዳ፣ ሰኞ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ከወደራ ወደ ነገሌ ቦረና በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ፣ በበቆሎ ጆንያ አናት፣ ቆሜ እጓዝ ነበር። ወደራ የሄድሁት ለሰርግ ሲሆን፣ የምመለሰው ማክሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼ ሳይቀድሙኝ ክፍል ለመግባት ነው።

ለምን እንደ ቆምሁ ኋላ ፍርድ ቤቱም ስለጠየቀኝ፣ አንባቢም መጠየቁ ስለማይቀር፣ ከወዲሁ ልናገር። ከእኔ ጋር የተሳፈሩ ሁለት ነጋዴዎች ጭነቱ ላይ ቆመው ይጨዋወቱ ነበር። በጭነት አናት ላይ መቆም አደገኛ መሆኑን ላስረዳቸው ተነሣሁ። ተቀምጬም ማስረዳት ይቻለኝ ነበር፤ ዳሩ ግን መምህር ሆኜ ከተቀጠርሁ ጀምሮ ተቀምጬ ያስተማርሁት ትምህርት ስላልነበረ፣ የጭነቱን ገመድ ለቅቄ፣ ጣቴን አንሥቼ ጀመርሁ። ነጋዴዎቹ ወዲያው ተቀመጡ። ትምህርቱ ፍሬ ካፈራ በዚያው ማብቃት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን በሦስት ክፍል አዘጋጅቼው ስለ ነበር ቀጠልሁ። ሁለተኛውን ክፍል ሳልፈጽም አንድ ግመል ከግራር ጥላ ወጥቶ መንገዱን አቋረጠ። ገበያ ሳይበተን ለመድረስ መኪናውን ከሚገባው በላይ ሲያስሮጡ የነበሩት፣ ባለቤትም ሾፌርም የሆኑት አቶ አብዱባ ሶራ፣ ፍሬን ረገጡ። መኪናው ቆመ፤ ጆንያውም ቆመ፤ ነጋዴዎቹ በተቀመጡበት ቀሩ። እኔ ብቻ ጉዞዬን ቀጠልሁ።

ስነቃ ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች እግር የማይሄድበት አቅጣጫ ይዞ ነበር። አቶ አብዱባ ጋቢና ውስጥ አስገብተው ቤቴ አደረሱኝ። ነጋዴዎቹ በዚያው መኪና ወደ ዶሎ አለፉ። ስማቸውን አልጠየቅሁም። በትምህርት ቤት ስም ሳልጠራ ቀኑን ጀምሬ የማላውቅ ሰው፣ ምስክሮቼን ስም ሳልይዝ ለቀቅኋቸው።

ባለቤቴ በዛብሽ ወጌሻ ጠራች። ወጌሻው በትዕግሥት አሰረው፤ ትዕግሥት ያልሁት፣ እርሱ ሲያስር እኔ ከሳይንስ መጽሐፍ ያየሁትን የአጥንት ሥዕል እየጠቀስሁ ሳስተምረው ስለ ነበር ነው። በኋላ የክሊኒኩ ድሬሰር መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። አጥንቱ ሁለት ቦታ ስለ ተሰበረ አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ሕክምና ብረት ካልገባልኝ በቀር፣ እግሬ ለመቆም እንደማይሆነኝ ነገረኝ። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ደግሞ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ብርቱካኑን አስቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሚቀጥለው የትምህርት ዘመን እስኪያልቅ ክፍልዎን ሌላ ሰው ይይዝልዎታል። ከዚያ በኋላ መቆም ካልቻሉ የመጻሕፍት ግምጃ ቤቱን ይረከባሉ» አሉኝ።

የግምጃ ቤቱ መጻሕፍት ምንም ቢነገራቸው አይሰሙም፤ እኔም የማይሰማኝ ፍጥረት ዘንድ መዋል አልችልም። ለአዲስ አበባው ሕክምና የሚበቃ ገንዘብ ግን በቤታችን አልነበረም። እንግዲህ ወይ ካሣ አገኛለሁ፣ ወይ ክፍሌን አጣለሁ።

ካሣ ለመጠየቅ ገና ሳስብ ሙክቱ መጣ።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ የአቶ አብዱባ ጎሣ ሽማግሌ አባ ጉራቻ፣ አቶ አብዱባንና ሁለት ጎልማሶችን አስከትለው፣ አንድ የሰባ ሙክት ፍየል እያስጎተቱ፣ ግቢያችን ገቡ።

«አካም ነጉማ፣ ባርሲሳ?» አሉኝ። ባርሲሳ ማለት መምህር ማለት ነው።

«ናጋ፣ ናጋ። እንደምን ሰነበቱ አባ ጉራቻ? ይቀመጡ» አልሁ ከአልጋዬ ላይ።

«ይህ ያንተ ነው። እኛ ብናርደው አትበላም፤ ሃይማኖትህ ነው፣ እናውቃለን። አንተ እረደው። እኛ ወተት እንጠጣለን።»

«እርሱ ተኝቶ ነው የሚያርደው?» አለች በዛብሽ። «ጎረቤት ልጥራ።»

«አይሆንም። እጁ አልተሰበረም» አሉ አባ ጉራቻ።

አራቱ ሰዎች አልጋውን ከነእኔ አንሥተው ወደ ግቢው አወጡኝ። በክርኔ ተደግፌ፣ በስመ አብ ብዬ አረድሁ። አባ ጉራቻ ደሙን ተመለከቱ፤ እኔን ተመለከቱ።

«አብዱባ ላይ ቂም አለህ?»

«የለኝም» አልሁ። በእውነትም አልነበረኝም። ቂም ይዞ የሰውን ስጦታ መብላት ነውር መሆኑን ለልጆች የማስተምር ሰው ነኝ። ሰዎቹ ወተታቸውን ጠጡ፣ መረቁ፣ ሄዱ። እኛም ሙክቱን፣ ዓርብን ጾመን፣ እስከ እሑድ በላነው። ወላጆቼ በመጡበት አገር የታመመን ሰው ባዶ እጅ መጠየቅ አይወደድምና፣ ያንን ሁሉ የሕመም ጥየቃ አድርጌ ተቀበልሁት። በአባ ጉራቻ አገር፣ ጉዳት ያደረሰ ሰው አምጥቶ፣ ተጎጂው በገዛ እጁ ያረደው እንስሳ ምን ማለት እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። ነገሌ ተወልጄ፣ ነገሌ አድጌ፣ አላውቀውም ነበር። የሰሜኑን ወንዞች ግን ከምንጫቸው እስከ መድረሻቸው በቃሌ እወጣቸዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ በምርኩዝ መሄድ ስጀምር ለአውራጃው ፍርድ ቤት የክስ ማመልከቻ ጻፍሁ። በፍርድ ቤቱ በር ላይ ግራር ሥር የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ ለእነርሱ መክፈልን እንደ ውርደት ቆጠርሁት። ያቀረብሁት ጽሑፍ፣ ራሴን ለማመስገን ሳይሆን እውነት ስለ ሆነ፣ ያማረ ነበር። የሰው ልጅ ግድየለሽነት ከየት እንደ ጀመረ፣ መኪና ለአገር ምን ጥቅምና ምን ጉዳት እንዳስገኘ፣ የፍጥነት መንፈስ ወጣቱን እንዴት እንዳበላሸ ይተነትናል። ዳኛው በጥሞና አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መምህር፣ የሰው ልጅ ግድየለሽ መሆኑን ተረድቻለሁ። እርስዎ ግን መቼ ነው የተጎዱት?»

«በጥር፣ ክቡር ዳኛ።»

«አልተጻፈም። የት? በማን መኪና? የቱ አካልዎ ነው የተጎዳው?»

ምርኩዜን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

«አያለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን እግር የሚል ቃል የለም። ደግሞስ ፍርድ ቤቱ ምን እንዲያደርግልዎ ነው የሚለምኑት?»

እርሱንም አልጻፍሁም ነበር። ዳኛው ማመልከቻውን መለሱልኝና እንዳሻሽለው አዘዙ። ያን ዕለት የነገሩኝን፣ አንድ ቀን ለሚያስፈልገው ሰው እዚህ አሰፍረዋለሁ፤ ከጽሑፎቼ ሁሉ ሰው የሚጠቀምበት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ተጎዳሁ የሚል ሰው የጎዳውን ሰው ይለያል፤ ቀኑንና ቦታውን ይናገራል፤ ጉዳቱን በሐኪም ወረቀት ያስረዳል፤ ጉዳቱ የመጣው ከዚያው ከተከሳሹ ነገር መሆኑን ያሳያል፤ የሚጠይቀውንም ካሣ ለይቶ ይጽፋል። ይህን ሁሉ ሁለት ዓመት ሳያልፍ ማድረግ አለበት፤ ካለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል።

ማታ ለበዛብሽ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«ያንን ሁሉ ገጽ ጽፈህ እግሬ ተሰበረ ማለቱን ረሳኸው?»

«መሠረተ ሐሳቡን እያስቀደምሁ ነበር።»

«ጥያቄውን ላልመለሰ ተማሪ ስንት ነው የምትሰጠው?»

ዜሮ እሰጥ እንደ ነበር ስለምታውቅ መልስ አልጠበቀችም።

የተሻሻለው ማመልከቻ አንድ ገጽ ሆነ። ቀጠሮው ክረምቱን አልፎ ደረሰ። አቶ አብዱባ፣ በጭነት መኪና ሰው መጫን ክልክል በመሆኑ ታርጋቸው እንዳይነጠቅ ፈርተው፣ ሻይ ቤት ውስጥ የመከራቸውን ሰው ቃል ይዘው ቀረቡ።

«የእኔ መኪና በቆሎ ነው የሚጭነው። ይህን ሰው አልጫንሁም» አሉ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ምስክር አለዎት?»

«ሁለት ነጋዴዎች ነበሩ፣ ክቡር ዳኛ።»

«ስማቸው?»

ዝምታዬን የሰሙ ተማሪዎቼ ቢሆኑ ኖሮ በዓል ያደርጉት ነበር። በዚያች ደቂቃ የመጻሕፍት ግምጃ ቤቱ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ።

አቶ አብዱባ ግን አልበቃቸውም። «ደግሞ ታርቀናል» ብለው ጨመሩ። «ሙክት ሰጥቻለሁ። በእጁ አርዶ በልቷል። ቂም የለኝም ብሏል። ሽማግሌው ውጭ ቆሟል፤ ጠይቁት።»

ችሎቱን የሞላው ሰው ሳቀ። እኔም ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የገባኝ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ዕርቅ ካለ ካሣ ቀረ ብዬ ደነገጥሁና፣ በምርኩዜ ተነሥቼ፣ ስለ ሙክቱ ንግግር አደረግሁ። በስጦታና በዕርቅ መካከል ያለውን ልዩነት አብራራሁ። ሙክቱ ከነገሩ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው አስረዳሁ። በመጨረሻም ሙክቱ ጨርሶ ከመዝገብ እንዲወጣልኝ ለመንሁ።

ከኋላዬ የበዛብሽ ድምፅ መጣ። «አንተ ሰው፣ ሙክቱን አትልቀቅ።»

«ጸጥታ» አሉ ዳኛው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ሙክቱ ይውጣ ነው የሚሉት?»

«አዎን፣ ክቡር ዳኛ።»

«ባይወጣስ ይቃወማሉ?»

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ መምህር የመጀመሪያው መልስ ስሕተት መሆኑን እየጠቆመ ነው። ሥራዬ ስለ ሆነ ይህን አወቅሁ፤ ስሕተቱ የት እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም። «እንደ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ» ብዬ ተቀመጥሁ። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ንግግሮች ሁሉ የጠቀመኝ ይህ አጭሩ ነው።

አባ ጉራቻ ተጠርተው ገቡ። ዳኛው ጠየቋቸው።

«ለመምህሩ ሙክት አምጥተው ነበር?»

«አምጥቻለሁ።»

«ለምን?»

አባ ጉራቻ ጥያቄው ገረማቸው። «አብዱባ ስለ ጣለው ነዋ። ከመኪናው ላይ ወደቀ። እኛ ያልጎዳነው ሰው ቤት ሙክት ጎትተን ምን ልናደርግ እንሄዳለን?»

አቶ አብዱባ መሬት መሬት አዩ። እኔ እንዲወጣልኝ የለመንሁት ሙክት ከነቀንዱ ምስክሬ ሆኖ ቆመ።

«ስለዚህ ታርቀዋል፤ ነገሩ አልቋል ማለት ነው?» አሉ ዳኛው።

«ቂሙ አልቋል። እሱ የለኝም አለ፣ እኛም ተቀበልን። እግሩን ግን ማን አነሣ? ያን ቀን ስለ እግሩ የተናገረ ሰው የለም። በእኛ ወግ የጎዳ ሰው የተጎዳው እስኪነሣ ያስታምማል። አብዱባም ይህን ያውቃል፤ መኪናውን እንዳይወስዱበት ፈርቶ ነው።» ወደ አቶ አብዱባ ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ምን እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ሽማግሌ ለልጁ የሚለው ስለ ሆነ አልጽፈውም። እኒህ ሰው የመጡት ለወገናቸው ሊመሰክሩ ነው፤ የመሰከሩት ግን እውነቱን ነው። እኔ ስለ እውነት ብዙ ሰዓት አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ባጭሩ አስተምሬው አላውቅም።

ከፍርዱ በፊት ዳኛው አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር።

«ሲወድቁ ምን እያደረጉ ነበር፣ መምህር?»

ከአባ ጉራቻ በኋላ መዋሸት አልሆነልኝም። «በጭነት አናት ላይ መቆም አደገኛ መሆኑን ለተሳፋሪዎች እያስረዳሁ ነበር።»

«ተቀምጠው?»

«ቆሜ።»

«ገመድ ይዘው?»

«ጣቴን አንሥቼ ስለ ነበር…»

ዳኛው በመሐረብ አፋቸውን ሸፈኑ። ሳል ነው ብዬ ለመቀበል ሞክሬአለሁ። ከዚያም ፈረዱ፦ ዕርቁ ቂሙን እንጂ ሕክምናውን አይሸፍንም፤ የመኪናው ባለቤት ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ተጎጂው ግን በገዛ ጥፋቱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ስላደረገ ከካሣው አንድ አራተኛ ይቀነሳል። የተቀነሰችውን አራተኛ በዛብሽ «የሁለተኛው ክፍል ዋጋ» ትላታለች።

አቶ አብዱባ የተፈረደባቸውን በየጊዜው ከፋፍለው ከፈሉ፤ አዲስ አበባም ራሳቸው ወሰዱኝ። በወደራ በኩል ስናልፍ ግመሎች መንገድ ዳር ቆመው ነበር።

«ባርሲሳ፣ የምትለው ነገር የለም?» አሉኝ።

«የለኝም» አልሁ።

«ታዲያ አሁን ድነሃል» አሉና ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በእግሬ ውስጥ ብረት ገባ። በመስከረም ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲያ በጡረታ እስከ ተሰናበትሁበት ቀን ድረስ በነገሌ ቦረና ሰዋስው አስተማርሁ፤ በዕድሜዬም አንድ ክስ መሥርቼ፣ ከጠየቅሁት ካሣ ሦስት አራተኛውን አገኘሁ።