በስቱኮ የተደፈኑት ቀዳዳዎች

ማረሻ ሞተር የሚጠግነው ሰውዬ ሰላምታ ከአፉ ሳይወጣ ቁጣው ይቀድመዋል። አትክልት አምራቿ ሴት ከኋላው ቆመው እየገፉ የሚያርሱበትን አሮጌ ሞተር ይዛ ስትገባ፣ ገና ከበሩ ጮኸ።

«ማነው እንዲህ በቀለም የለቀለቀው? ሊድረው ነው?»

ቱታው ዘይት ጠጥቶ ቆዳ መስሏል፤ ጥፍሮቹ ግን ንጹሕ ናቸው። ከመፍቻዎቹ ጎን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ክራንች የእሱ መሰላት።

«የስለቱ መከለያስ የታለ?»

«የሸጠልኝ ሰው ከፋብሪካ ሲወጣም አልነበረውም ብሎኛል፣ ጋሼ።»

«ዓይን ያወጣ ውሸታም!»

ተንበርክኮ ቀለሙን በምላጭ ፋቀ። ከቀዩ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ ወጣ። ከአረንጓዴው መሃል በስቱኮ የተደፈኑ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ብቅ አሉ።

«አየሽ? እዚህ ነበር የታሰረው። ጭቃ ይይዛል፣ ሥራ ያጓትታል እያሉ ይፈቱታል። እግር እንደ ብሎን ከሱቅ የሚገዛ መሰላቸው!»

ሳትጠይቀው ቆርቆሮ ጎትቶ መለካት ጀመረ።

«እኔ እኮ ሞተሩን እንዲያስነሱልኝ ነው የመጣሁት።»

«መከለያው ሳይታሰር አላስነሳም! ካልፈለግሽ ይዘሽልኝ ውጪ!»

«እሺ፣ እውነትዎን ነው» አለች ልታበርደው። «ግን ምን ዓይነት አረመኔ ነው እንዲህ የሚፈታው?»

ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ነኛ። የወንድሜን የፈታሁት እኔ ነኝ። ‹አስቸገረኝ፣ ፍታልኝ› አለኝ፤ ፈታሁለት።»

ይህን ብሎ የቆርቆሮ መቀስ ሊያመጣ ክራንቹ ወደተሰቀለበት ግድግዳ ሄደ። ሁለቱም እግሮቹ ጤነኛ ነበሩ።